ለአባትሽ የብዕር መያዣ ስታሰሪ ከቆዳው በፊት ብዕሮቹን ለኪ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። የገባኝን ልድገመውና ከተሳሳትኩ አርሚኝ፦ አባትሽ በቅርቡ ከማስተማር ጡረታ ሊወጡ ነው፣ ሦስት እስክሪብቶ አላቸው፣ አንዱ አሮጌ ፓርከር 51፣ አንዱ ወፈር ያለ አዲስ የቀለም ብዕር፣ ሦስተኛው ያው የሁላችንም ቢክ። አምና ከአንድ ሱቅ የገዛሽላቸው "ኦሪጅናል ቆዳ" የተባለ መያዣ በአራት ወሩ ተላጠ፣ ዚፑም የፓርከሩን ክዳን ጫረው። አሁን በእጅ ልታሰሪላቸው አስበሻል፣ ጥያቄሽም ምን አይነት ቆዳ ልዘዝ፣ ዚፕ ይሻላል ወይስ የሚጠቀለል፣ የቀለም ጠርሙሱና ትንሿ ማስታወሻ ደብተርም እንዲገቡ እፈልጋለሁ፣ አባቴ ደሞ ድሬዳዋ ስለሆኑ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ የሚል ነው። የመጨረሻዋን ነገር እንዲሁ እግረ መንገድሽን ነው የጣልሻት፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የረዳችኝ እሷ ናት፣ እመለስባታለሁ።

ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው ቆዳ ስሰፋ፣ ቦርሳ፣ ቀበቶ፣ የመጽሐፍ ልባስ፣ ምናምን። ሰው ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው ሁሌ "ምን ቆዳ አለህ?" ነው፣ እኔ ደሞ ሁሌ "ምንድነው የሚገባበት?" ብዬ ነው የምመልሰው፣ አንዳንዱ ይናደዳል። ግን የድሮ ሰዎች እንዴት ይሰሩ እንደነበር ማየት ከፈለግሽ የብራና መጽሐፍ ማኅደር (መጽሐፉ የሚገባበት የቆዳ መያዣ) ያለበት ቤተክርስቲያን ወይ ሙዚየም ሂጂና ልብ ብለሽ እዪው። ማኅደር በሜዳ ተሰፍቶ መጽሐፍ አይፈለግለትም፣ መጽሐፉ ከነገበታው ተለክቶ ነው ለሱ ብቻ የሚሰፋው፣ ስለዚህ መጽሐፉ ውስጡ አይንገላታም፣ ማንገቻ ጠፍር አለው፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ መንገደኛውም ትከሻው ላይ አድርጎት ይሄዳል። ያንቺም ስራ ያው ነው፣ የብዕር ማኅደር ነው የምታሰሪው። ቆዳ መምረጥ የመጨረሻው ስራ ነው፣ መጀመሪያ ብዕሮቹን ለኪ።

ልኬቱ እንዲህ ነው። የእያንዳንዱን ብዕር ርዝመት ክዳኑን እንደዘጋሽ ለኪ፣ ከዛ በጣም የወፈረበት ቦታ ላይ ስንት ሚሊ እንደሆነ ለኪ፣ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌለሽ ወረቀት ጠምጥመሽበት ዙሪያውን በማስመሪያ መለካት ይቻላል፣ እንደውም እሱ ይቀላል፣ ምክንያቱም የምንፈልገው የዙሪያውን ግማሽ ነው። እያንዳንዱ ብዕር የራሱ ኪስ ይኖረዋል፣ እኔ አፎት ነው የምለው፣ እንደ ሰይፍ አፎት። ጠፍጣፋ አፎት በሁለቱ ስፌቶች መሀል ያለው ስፋት ቢያንስ የብዕሩን ግማሽ ዙሪያ መሆን አለበት። ፓርከር 51 ወደ 12 ሚሊ ውፍረት ስላለው ዙሪያው 38 ገደማ፣ ግማሹ 19 ይሆናል፣ ለቆዳው ውፍረትና ለክሊፑ 4 ጨምሪና 23 ሚሊ በይው። ወፍራሙ 15 ሚሊ ከሆነ 28 ገደማ ይመጣል፣ ቢኩ 16 ይበቃዋል። ብዙ ሰፊ ይሄን አያሰላም፣ ሦስቱንም እኩል 2 ሴንቲ ተኩል ያደርገዋል፣ ከዛ ወፍራሙ አይገባም፣ ቢኩ ደሞ ይወድቃል። አፎቱ ጥልቀቱ የብዕሩን ሦስት አራተኛ ያህል ይሁን፣ ከላይ 3 ሴንቲ ብቅ ካላለ አባትሽ በጣታቸው መቆንጠጥ አይችሉም፣ እድሜም አለ እኮ፣ ጣት እንደ ድሮው አይታዘዝም።

ደብተሯ ኤ6 ከሆነች (10 ተኩል በ15 ሴንቲ ማለት ነው) ጀርባ በኩል ለብቻዋ ኪስ ታገኛለች፣ እዛ ላይ የስፌቱን ስትጨምሪ ጠቅላላው ወደ 12 በ17 ይሆናል። ሦስቱን አፎት 12 ሴንቲ ላይ ስትደረድሪያቸው በመሀል የሚተርፍ ክፍተት አለ፣ እሱን ለመሙላት "አራተኛም ይጨመር" የሚል ሰፊ ካጋጠመሽ እሺ እንዳትዪ። ክፍተቱ ነው ብዕር ከብዕር እንዳይፋተግ የሚያደርገው።

ወደ ዚፑ እንምጣ። ዚፕን አልጠላም፣ ለተማሪ ልጅ ዚፕ ነው የምሰራው፣ ግን የብረት ዚፕ ጥርስ ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ከሆነ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ክዳኑ ላይ መጋዝ እንደመጎተት ነው። የፓርከር 51 ገላው ፕላስቲክ ነው፣ ሉሳይት የሚባለው፣ ክዳኑ ደሞ አብዛኛው ጊዜ ብረት ነው፣ ሁለቱም ጭረት ይይዛሉ። ያንቺን የጫረው እሱ ነው። ዚፕ የግድ ካልሽ ከውስጥ በኩል የቆዳ ምላስ ይሰፋለት፣ ጥርሱን የሚሸፍን። የሚጠቀለለው ደሞ ሲታይ ያምራል፣ ፎቶ ላይ በተለይ፣ ችግሩ ግን ሲጠቀለል ክብ ይሆንና ቦርሳ ውስጥ ይጋደማል፣ ይንከባለላል፣ ራሱና እግሩ አይታወቅም። ለአባትሽ የምመክርሽ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ከላይ ክዳን የሚታጠፍበት፣ በቆዳ ማሰሪያ ወይ በቆዳ ምላስ የሚዘጋ ነው። ጠቅ የሚለውን የብረት ቁልፍ ከመረጥሽ የውስጥ ፊቱ በቆዳ መሸፈኑን በጣትሽ ዳብሺ፣ ብዕር የሚነካ ብረት ውስጥ አይኑር።

አሁን ድሬዳዋ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ፣ ስለዚህ ከድሬ ወደ አዲስ ስትወጪ የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ብዕሩ ውስጥ ከቀለሙ በላይ ያለው አየር ደሞ ከ10 በመቶ በላይ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ መውጫ ይፈልጋል፣ ጫፉ ወደ ታች ከሆነ ወይ ከተጋደመ ፊቱ ያገኘውን ቀለም ገፍቶ ያወጣዋል፣ ከዛ አባትሽ ክዳኑን ሲከፍቱ ጣታቸው ሰማያዊ ይሆናል፣ "ይሄ ብዕር አረጀ" ይላሉ፣ ብዕሩ ግን ምንም አልሆነም። ጫፉ ወደ ላይ ቆሞ ከሆነ የሚወጣው አየር ብቻ ነው። ሰው አውሮፕላን ላይ ብቻ የሚሆን ይመስለዋል፣ የመንገደኛ አውሮፕላን ካቢን ውስጥ የሚኖረው ግፊት እኮ ቢበዛ ቢወርድ አዲስ አበባ ላይ ካለው ግፊት ብዙም አይለይም፣ ከቆላ በመኪና የወጣ ሰው በብዕሩ ላይ ያደረሰው ያው በረራ ነው። ጂቡቲ ወይ ዱባይ ያላችሁ ደሞ ይባስ፣ ከባህር ጠረፍ ስትመጡ አየሩ በሲሶ ገደማ ነው የሚለጠጠው። ስለዚህ ሁለት ነገር፦ ከጉዞ በፊት ብዕሩ ወይ ጢም ብሎ ይሞላ ወይ ባዶ ይሁን፣ ግማሽ የሆነ ነው የሚያስቸግረው፣ ሁለተኛ መያዣው ጫፋቸውን ሽቅብ አድርጎ እንዲቆም ተደርጎ ይሰራ። ለዚህ ነው ማንገቻ ይኑረው የምልሽ፣ ቀጭን፣ እንደ ማኅደሩ፣ አውቶቡስ ላይ ትከሻቸው ላይ ወይ የወንበሩ መስቀያ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሲንጠለጠል ራሱ ይቆማል። ለውበት ብቻ የመጣ ነገር አይደለም።

ጠርሙሱን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው፣ ይቅርታ። ቀለምና ብዕር አንድ ቤት አያድሩም። የድሮ ጸሐፊዎች እንኳ ቀለሙን በቀንድ አድርገው ቀንዱን አጠገባቸው መሬት ላይ ይተክሉታል፣ መቃውን ደሞ ለብቻው ይይዙታል። የመስታወት ጠርሙስ ቆዳ መያዣ ውስጥ ሲገባ አንደኛ ክብደቱ ስፌቱን ይጎትታል፣ ሁለተኛ ክዳኑ ላይ የደረቀው ቀለም በእርጥበት ይለሰልስና ገበሩ ላይ ይታተማል፣ ሦስተኛ ብዕር ላይ ይወድቃል። ከፈለግሽ ከተረፈው ቆዳ ትንሽ ከረጢት በጠፍር የሚሳብ ይሰራላቸው፣ ጠርሙሱ በላስቲክ ተጠቅልሎ እሱ ውስጥ ይግባና ለብቻው ይጓዝ።

አሁን ወደ ቆዳው መጣን። የተላጠብሽ ለምን እንደተላጠ ካላወቅሽ ሁለተኛም ያታልሉሻል። ወፍራም የበሬ ቆዳ በማሽን ለሁለት ይሰነጠቃል፣ የላይኛው ፊት ያለው ነው፣ የታችኛው ስፕሊት ይባላል፣ እሱ ፊት ስለሌለው ላዩ ላይ ፕላስቲክ ይለበጥበትና ፊት ይታተምበታል። ቆዳ ነው ቢሉሽ አልዋሹም፣ የምትነኪው ግን ፕላስቲክ ነው፣ እሱ ነው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚነሳው። ከዛ የባሰው የቆዳ ብናኝ በሙጫ ተጋግሮ የሚሰራው ነው። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ጠርዙን እዪ፦ እውነተኛው ፊቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ቃጫ ሆኖ ወደ ታች እየላላ ይሄዳል፣ መሀል ላይ ወሰን የለውም፣ የተለበጠው ግን ልክ እንደ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላዩ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይታይሻል። አጥፈሽም እዪው፣ እውነተኛ ፊት ሲታጠፍ ጥቃቅን መጨማደድ ያሳያል፣ ፕላስቲኩ አንድ ትልቅ እጥፋት ነው የሚሰራው። በእሳት መለኮስ የሚሉ አሉ፣ የሰው ዕቃ ላይ አታድርጊው፣ ያስወጣሻል።

እውነተኛ ከሆነ በኋላ ደሞ ሁለት አይነት ነው፣ በክሮም (በኬሚካል) የለፋና በእፅዋት ልጥ የለፋ። እዚህ አገር ገበያ ላይ የምታገኚው አብዛኛው በክሮም የለፋ ነው፣ ዓለምም እንደዛው ነው፣ ክሮም በአንድ ቀን ገደማ ስለሚያልቅ፣ የልጡ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ክሮም ለስላሳ ነው፣ ውሃ አይፈራም፣ ለገበርና ለአፎት በጣም ጥሩ ነው። ለውጭው አካል ግን በልጥ የለፋውን ፈልጊ፣ ምክንያቱም በውሃ ሲርስ ቅርፅ ይይዛል፣ ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጠርዙ ሲፈተግ ያብረቀርቃል፣ በእጅ ብዛትና በብርሃን እየጠቆረ እያማረ ይሄዳል። የት ይገኛል ካልሽ ለጫማ ሶልና ለቀበቶ የሚለፋው ነው፣ መርካቶ የጫማ ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች ጠይቂ፣ 1.5 ሚሊ ገደማ እስኪሆን እንዲያሳሳልሽ ለሰፊው ንገሪው። አፎቶቹ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ፣ ገበሩ ከዛም ያነሰ።

በልጥ የለፋውን ግን እርጥቡን ብረት እንዳያስነካው ለሰፊው ንገሪው። እኔ በዚህ አንድ ደንበኛ አስቀይሜያለሁ። መያዣውን አርሼ ቅርፅ እንዲይዝ በእንጨት ላይ ወጥሬ በብረት መቆንጠጫ ይዤው አደርኩ፣ ጠዋት ስመጣ ብረቱ በነካበት ሁሉ ጥቁር ሆኗል፣ ግራጫ አይደለም፣ ጥቁር። ሳሙና ብል፣ ሎሚ ብል፣ አልወጣም፣ በመጨረሻ ሙሉውን አጥቁሬ ሰጠሁት፣ ቡናማ ነበር ያዘዘው። ለካ የልጡ ታኒን (ቆዳውን የሚያለፋው ነገር) እና ብረት ሲገናኙ የሚፈጥሩት ነገር ፈረንጆች ለዘመናት ይጽፉበት የነበረው ጥቁር ቀለም ራሱ ነው፣ ቀለሙን የሚሰሩት ታኒን ካለበት የዛፍ እብጠትና ከብረት ጨው ነበር። የብዕር መያዣ እየሰራሁ ሳላውቀው ቀለም አፈላሁ ማለት ነው። ስለዚህ ቅርፅ ሲወጣ በእንጨት ዱላ ይሁን፣ ከብዕሩ አንድ ሚሊ የወፈረ፣ በጨርቅ ታስሮ፣ የአባትሽን ፓርከር እርጥብ ቆዳ ውስጥ እንዳይከተው አደራ፣ ብዕሩም ይጎዳል።

ለገበር የኛን አገር የበግ ቆዳ የሚያክል የለም፣ ይሄን የአገር ፍቅር ይዞኝ አይደለም የምለው፣ የደጋው በግ ፀጉረ አጭር ስለሆነ ቆዳው ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው፣ ለዚህ ነው ውጭ አገር ለጓንት የሚፈለገው። ፍየል ከመረጥሽ የባቲ ፍየል በገበያው ስም ያለው ነው፣ ወፈር ይላል፣ ሱዊድ (ላዩ ተፈትጎ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ቆዳ) ሲሆን ግሩም ነው። ሱዊድ ግን ለአፎት ውስጥ አልወደውም፣ ብናኙ ክዳኑ ውስጥ ይገባል፣ ለስላሳው ፊቱ ወደ ብዕሩ ይሁን። ቆዳውን ስትመርጪ ወደ ብርሃን ያዥው፣ እንደ ሽፍታ ጥቃቅን ነጠብጣብ ካየሽ እከክ ነው፣ በጉ በህይወት እያለ ተባይ የበላው፣ ቀለም ሲቀባ ይጎላል እንጂ አይጠፋም። ከጀርባው ደሞ የቢላ ጭረት ፈልጊ፣ የበዓል እርድ ቆዳ ላይ ሞልቷል፣ ያ ጭረት ያለበት ቦታ አፎት አፉ ላይ ከመጣ በአመቱ ይቀደዳል። (በየበዓሉ መንገድ ላይ ተጥሎ የሚቀረውን ቆዳ ሳይ ሆዴ ይቆስላል፣ ግን እሱ ሌላ ወሬ ነው።)

ስፌት። "በእጅ የተሰራ" ተብሎ በሲንጀር የተሰፋ ብዙ ነው፣ ሲንጀሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ የማሽን ስፌት የላይ ክርና የታች ክር መሀል ላይ ተያይዘው ነው የሚሄዱት፣ አንዱ ጋ ከተበጠሰ ቀስ እያለ ይተረተራል። በእጅ ሲሆን አንድ ክር ሁለት መርፌ ነው፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከግራም ከቀኝም ይተላለፋል፣ የኮርቻ ሰፊዎች ስፌት ነው፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይዞት ይቆያል። ቀዳዳው በወሰፌ ነው የሚበሳው፣ ከጠርዝ 3 ሚሊ ገባ ብሎ፣ በመሀላቸው 3 ወይ 4 ሚሊ እየተተወ። ክሩ ድሮ ጅማት ነበር፣ አሁን ፖሊስተር ሰም የጠጣ ይሁን፣ ጥጥ አልመክርም፣ ይበሰብሳል። ሰፊው በእጅ መስፋቱን ለማወቅ ጀርባውን አዙረሽ እዪ፣ ሁለቱም ፊት ላይ ስፌቱ ትንሽ ትንሽ ሰያፍ ካለ በእጅ ነው። በጣም የሚጎተትበት ቦታ የአፎቱ አፍ ስለሆነ እዛ ላይ ሁለቴ ይመለስበት። ማስቲሽ ለማያያዣ ብቻ ነው፣ ጠርዙ ላይ በስሱ፣ አፎቱ ውስጥ ከፈሰሰ ለወራት ይሸታል ብዕሩንም ያጣብቃል። ጠርዙን ደሞ በአሸዋ ወረቀት አለስልሶ በቀጭን የሙጫ ውሃ አርሶ በእንጨት መፈተግ ነው፣ ላዩ ላይ ቀለም ብቻ ቀብተው ከሰጡሽ በስድስት ወር ይሰነጠቃል።

ስም ማስፃፍ ፈልገሻል። በወርቅማ ፎይል የሚታተመውን ተይው፣ እጅ የሚነካው ቦታ ላይ አይቆይም። በልጥ የለፋ ቆዳ ከሆነልሽ የብራና መጽሐፍ ልባስ ላይ እንዳለው ድጉስ አስደርጊው፣ ቆዳው ረጠብ እያለ በጋለ ብረት ተጭኖ የሚቀር፣ ቀለም የሌለው። ብረቱ ያው እርጥብ ቆዳ ሊያጠቁር ስለሚችል የናስ ቢሆን ነው የምመርጠው። ፊደሉ ትንሽ ይሁን፣ ክዳኑ የውስጥ ፊት ላይ፣ የስማቸው የመጀመሪያ ሁለት ፊደልና ያስተማሩበት ዓመት ከዚህ እስከዚህ ቢባል ይበቃል፣ ዓመቱን በእኛ ዘመን አቆጣጠር፣ በግዕዝ አኃዝ ብታደርጊው ደሞ በጣም ያምራል።

ከተረከብሽ በኋላ የሚበላሸው በእንክብካቤ ነው፣ የምሬን ነው። እናቶቻችን ቅቤ ይቀቡታል፣ ቅቤ ይሸታል ይሻግታል፣ የኑግ ዘይት ደሞ እየደረቀ ይጣበቃል። የጫማ ቀለም ሸሚዝ ላይ ይወጣል። በዓመት አንዴ ሁለቴ በጣም ጥቂት የቆዳ ቅባት ወይ ሰም ያለበት ነገር በጨርቅ፣ ውስጡን በፍፁም። ቀለም ከፈሰሰበት ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አስጠጥተሽ አንሺ፣ አትፈትጊው፣ የቀረውን ተይው። ከራሰም ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቆዳ ጀንዲ ነው የሚሆነው።

ለሰፊው ስትሄጂ ብዕሮቹን ይዘሽ አትሂጂ፣ ለአባትሽ ሰርፕራይዝ ከሆነ ማታ ሲተኙ የብዕሮቹን ዙሪያ በወረቀት ጠቅልለሽ ቁረጪና ሦስቱን ወረቀት ስም ፅፈሽባቸው ውሰጂ፣ ርዝመቱንም እዛው ላይ። የወፍራሙ ብዕር ክሊፕ ላልቷል ብለሽ ነበር፣ ለሱ አፎት 28 ሳይሆን 27 በይው፣ ቆዳው ራሱ ይይዘዋል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ በልኩ ይለቃል። መጀመሪያ ቀን ጠበቅ ብሎ አልገባም ካለ ሰፋ እንዳያስደርጉት ንገሪያቸው።